የጋሼ ናሆም ሳል

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በብሎክ አርባ አንድ ውስጥ ማንም አያወራም። ሁሉም ወጥ ቤቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት እያየ ይቆማል። መብራቷ ለሦስት ደቂቃ ያህል ትጠፋና መልሳ ትበራለች። አረንጓዴ ከሆነች ደህና ነው። ቢጫ ከሆነች ግን እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ እንግዳ አይገባልህም፣ ቤትህ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ አያድርበትም። አንተም ብትሆን ሕፃን ያለበት ቤት ድርሽ አትልም።

መብራቷን የሚያዝዛት ቧንቧው ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ነው። የወረቀት ስሙ ረጅም ነው፤ እኛ ዘበኛው እንለዋለን። በየቤቱ ሽንት ቤት ሥር ተቀምጦ የሚያልፈውን ሁሉ ይፈትሻል። የሚፈልገው ጥቀርሻ ነው። ሰው ከአየሩ የሳበውን ጥቀርሻ ከአክታው ጋር ይውጠዋል፤ የዋጠው ደግሞ መውጣቱ አይቀርም። እናቶቻችን ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይሉ ነበር። ዛሬ ብቅል አያስፈልግም፤ ቧንቧው ያወጣዋል።

በዚህ የተነሣ ብዙ አዲስ ጠባይ አምጥተናል። ጎረቤት ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የራሱን ሽንት ቤት ሳይጎበኝ አይወጣም። ለእንግዳ ደረቅ ቆሎ ይቀርብለታል እንጂ ውሃ አይሰጠውም። ሰርግ ቤት የሽንት ቤቱን በር የሚጠብቅ አጎት ይመደባል። በልጅነቴ «ሽንት ቤታችሁን ላስቸግር» ማለት ተራ ነገር ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው የራሱን በሽታ በአንተ ቤት ስም ሊያስመዘግብ የመጣ ነው። ሳልም እንደዚሁ ነው። በደረጃው ላይ ማንም አይስልም፤ የመጣበት ሰው ዐይኑ እንባ እስኪያቀርር ይውጠዋል።

እኔ ሶልያና እባላለሁ። ስሜ የአሮጊት ስም ነው። በእኔ ዘመን የተወለደች ሁሉ ወይ ሶልያና ወይ ኤልዳና ስለሆነች የዛሬ ልጆች እነ አጸደና ወልደሰንበት ይስቁብናል። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የቀለበት መንገድ ጠርጌ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባሌ ያብስራ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። መብራቴ አንድም ቀን ቢጫ ሆና አታውቅም ነበር። እኮራባት ነበር፤ መኩራቴንም ሰው እንዲያይልኝ እፈልግ ነበር።

ጋሼ ናሆም ከእኔ በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሰላሳ ዓመት ከመሬት በታች የፍሳሽ መስመር ሲዘረጉና ሲጠግኑ ኖረዋል። የሰፈራችንን ዘበኞች አንድ በአንድ የገጠሙት እሳቸው ናቸው። ከያብስራ ጋር ሁልጊዜ እሑድ ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ ማን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ የሚጻፍበት ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው። ያብስራ ሲሞት ድንኳኑን የተከሉት፣ ሦስቱንም ቀን በር ላይ ቆመው ሰው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

ለቅሶው ተነሥቶ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ማክሰኞ ጠዋት በሬን አንኳኩ።

«ሶልያና፣ እንደምን አደርሽ? የእኔው ሽንት ቤት ተደፍኖብኝ ነው። ካላስቸገርኩሽ…»

ምን ልበል? ድንኳን የተከለልህን ሰው ሽንት ቤት ትከለክለዋለህ? ገቡ። ቅዳሜም መጡ። በሚቀጥለው ማክሰኞም መጡ። የቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደፈን ኖረ። ሲመጡ ከደረጃው ጀምሮ ይስላሉ፤ እህህም ይላሉ፣ ያለ ሐፍረት፣ ጮክ ብለው። በሬ ላይ ይስላሉ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ሆነው እኔ በኮሪደሩ ሳልፍ ይስላሉ። ከዚያ ወጥተው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይሄዳሉ። አይቀመጡም፣ አይጫወቱም፣ ሌላ ምንም የለም።

መብራቴ ግን አረንጓዴ ስለነበረች ዝም አልኩ። ይሉኝታ የሚባል በሽታ ደግሞ አለብኝ።

ነገሩ የተቀየረው ልጄ አጸደ ሁለተኛ ልጇን ባረገዘች ጊዜ ነው። የአጸደ ቤት ከቀለበት መንገዱ ሥር ስለሆነ አረንጓዴ አይቶ አያውቅም። በቢጫ ቤት የሚወለድ ልጅ ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ጨቅላዎች አዳራሽ ይወሰዳል፤ እዚያ ስድስት ወር በተጣራ አየር ውስጥ ይቆያል፣ እናቱም በቀን አንድ ሰዓት በመስተዋት ታየዋለች። የመጀመሪያ ልጇን ብርቅነሽን የወለደችው ባሏ ለሥራ በተላከበት ሌላ ከተማ፣ ከእኔ ቤት ርቃ ስለነበር ከዚህ አላመለጠችም። ልጅቷ ከአዳራሹ ስትመለስ የእናቷን ድምፅ አላወቀችውም። ዛሬ አራት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ድረስ የአየር ማጣሪያ ሲያጉረመርም ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።

«እማዬ፣ አንቺ ጋ ልውለድ» አለችኝ አጸደ።

«ይኼ ይጠየቃል እንዴ? የእናት ቤት እያለ!»

«ሦስት ሐሙስ በተከታታይ አረንጓዴ መሆን አለበት። ከመውለዴ በፊት ያሉት ሦስቱ። አንዷ እንኳ ብትበላሽ…» አልጨረሰችውም። ወደ መብራቴ ቀና ብላ አየች። «ያንን አዳራሽ ሁለተኛ አልችለውም፣ እማዬ።»

«እኔ አረንጓዴ ያልሆንኩበት ቀን አለ?» አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። የጋሼ ናሆም ሳል ጆሮዬ ውስጥ ይመላለስ ጀመር። የዳማውን ደብተር አነሣሁና ገልብጬ ከኋላ በኩል መጻፍ ጀመርኩ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፦ ደረጃው ላይ ሁለት፣ በሬ ላይ አንድ፣ ሽንት ቤት ውስጥ አንድ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከሩብ፦ ደረጃው ላይ ሁለት፣ በሬ ላይ ሁለት። በሁለት ወር ውስጥ ሰባ አንድ ሳል ጻፍኩ። የፍርድ ቤት መዝገብ እንኳ እንዲህ አይጠራም፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው ሁሉ አለ። የጻፍኩት ቦታ ራሱ የሚነግረኝን ነገር ግን አላየሁትም።

ደብተሩን ለኤልዳና አሳየኋት። ኤልዳና ሁለተኛ ፎቅ ናት፤ የደረጃችን ተጠሪ ስለሆነች በሯ ሰውም ወሬም አያጣም።

«አንቺ ሞኝ ነሽ ወይስ ሌላ ነገር አለ?» አለችኝ መነጽሯን ከፍ አድርጋ። «ባል የሞተባት ሴት ቤት በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ወንድ እውነት ሽንት ቤት ፈልጎ ነው?»

«እኔ እንጃ። ሌላ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም።»

«እንግዲያው ባሰ። እስቲ አስቢው፤ እንዲህ የሚስል ሰው የራሱ መብራት ሁልጊዜ አረንጓዴ የሚሆነው በምን ተአምር ነው? ቆሻሻውን የሚቀበልለት ቤት አግኝቶ ነዋ!»

«የእኔም እኮ አረንጓዴ ነው።»

«እስካሁን! ጥቀርሻ ቀስ እያለ ነው የሚሞላው። ደግሞ ዘበኛውን የገጠመው እሱ ራሱ ነው፤ የት ጋ እንደሚታለል እሱ ካላወቀ ማን ያውቃል? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር።» ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «ይኼን እኔ ጋ ተዪው።»

ለመውለጃዋ ሰባት ሳምንት ቀረ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ናሆም ደረጃው ላይ ሲስሉ ሰምቼ ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩና መሐሉ ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ ናሆም፣ ዛሬ ውሃ የለም።»

«ውሃ የለም?» አሉ። የወጥ ቤቴ ቧንቧ ሲንፎለፎል ለሁለታችንም ይሰማ ነበር።

«ለሽንት ቤቱ ነው የሌለው።»

መሬት መሬት አዩ። ረጅም ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ሲሉ የበለጠ ያረጁ ይመስላሉ። «ሶልያና፣ ዛሬን እንኳ ፍቀጂልኝ። ሐሙስ ደርሷል።»

«ሐሙስ ቢደርስ እርስዎን ምን አገባዎት?»

ቀስ ብለው «አጸደ መቼ ነው የምትወልደው?» አሉኝ።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ ለኤልዳና እንኳ።

«ማን ነገረዎት?»

«ወለሉ ቀጭን ነው» አሉ።

በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። ስንት ዓመት ሲያዳምጡን ኖረዋል? ልጄ እንደምትወልድ፣ መብራቴ እንደምታስፈልገኝ እያወቁ ቆሻሻቸውን ሊጭኑብኝ ይለምኑኛል? ወደ ኤልዳና ወረድኩና «ጻፊ» አልኳት። ጥቆማው አራት መስመር ነበር። ከእሱ ጋር የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥታ ላከች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነጭ ቦት ጫማ ያደረጉ ሁለት ወጣቶች መጥተው ጋሼ ናሆምን ለሦስት ቀን ምርመራ ወሰዷቸው። በበሬ ቀዳዳ አየኋቸው። ትንሽ ቦርሳ ይዘዋል፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። በሬ ጋ ሲደርሱ አንድ ጊዜ እህህም አሉ፤ አለፉ። ደብተሩ እጄ ላይ ስላልነበረ አልጻፍኩትም።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቴ ጠፋች። ሦስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ቢጫ ሆና በራች።

መጀመሪያ የተበላሸች መሰለኝ፤ በጣቴ መታ መታ አደረግኳት። ከዚያ ገባኝ፤ ማለትም የገባኝ መሰለኝ። የእሳቸው ዝቃጭ ነው፣ ቧንቧው ላይ ተለጥፎ የቀረ። በረኪና ገዝቼ ሦስት ጄሪካን አፈሰስኩበት። የመቀመጫውን ሥር በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። በልጅነቴ የሰፈራችን ጉድጓድ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይመጣና ሽታው ቀኑን ሙሉ ይቆይ ነበር፤ ያንን ሁሉ ሽታ እየተራገምን እንኳ ማንም የማንንም አይመዝንም ነበር። እየፈተግኩ ይኼን አሰብኩና አለቀስኩ።

ማታ አጸደ ደወለች። «መብራቱ?»

«ደህና ነው» አልኳት። ልጄን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ ናሆም በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ደረጃው ላይ እየሳሉ ሲወጡ ሰማሁ። መለቀቃቸው አናደደኝ። ዘበኛውን እንዳታለሉ መርማሪዎቹንም አታለሉ አልኩ። ወደ እኔ ግን አልመጡም። በሚቀጥለው ሐሙስ መብራቴ እንደገና ቢጫ ሆነች።

ሁለት ጊዜ ቢጫ የሆነ ቤት ባለቤቱ ሲጠይቅ መርማሪ ይላክለታል፤ ጠየቅኩ። የመጣው ወልደሰንበት የሚባል ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የገባ ጨዋ። በእጁ የያዘውን ነገር መስኮቱ ጥግ፣ አልጋዬ ሥር፣ ወጥ ቤት ውስጥ አዞረው። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ግንባሩን አኮማትሮ ነበር።

«እናቴ፣ የቤትዎ አየር ንጹሕ ነው» አለኝ። «ከቤት የመጣ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ከላይ ያሉት ሰውዬ ናቸው።»

«የለም፣ የለም። ይኼ የአንድ ሰው ነው፣ ያውም የቆየ። የዛሬው ጥቀርሻ የጎማና የፕላስቲክ ነው፤ ይኼ ናፍጣ ነው። ናፍጣ የሚያነድ መኪና ከቆመ ስንት ዘመኑ! እርስዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

«መንገድ ጠራጊ ነበርኩ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። «ሃያ ስድስት ዓመት።»

«አሃ።» በአዘኔታ አየኝ። «ሳንባዎ ያንን ያህል ዓመት ያጠራቀመውን አሁንም እየለቀቀው ነው። ሲያስልዎ ይውጡታል አይደል?»

እውጠዋለሁ። ሰው ሁሉ ይውጠዋል። ሳሌን ስውጠው ከመኖሬ የተነሣ ሳል እንዳለብኝ እንኳ ረስቼው ነበር።

«ታዲያ ሕፃን አይጎዳማ!»

«አይጎዳም። መብራቱ ግን አሮጌና አዲስ አይለይም፤ ቧንቧው በደረሰው መጠን ነው የሚፈርደው።» መዝገቡን ገለበጠ። «የሚገርመው እስካሁን አረንጓዴ መሆንዎ ነው። ከእርስዎ ጋር ሌላ ሰው ነበር?»

«ባሌ። ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው።»

«እሱማ ይገባኛል፤ ንጹሕ ሰው ሲቀላቀልበት የእርስዎ ይሳሳል። ግን ከሞቱም በኋላ የሁለት ሰው ነው የሚያሳየኝ። እስከዛሬ ሦስት ሳምንት ድረስ።» ቀና አለ። «ማን ነበር?»

«እንግዳ አይጠፋም» አልኩት።

ጫማውን እያሰረ የሆነ ነገር ትዝ ብሎት ሣቀ። «ከዚሁ ብሎክ አንድ ሽማግሌ በጥቆማ መጥተውልን ነበር። የሰላሳ ዓመት የፍሳሽ ሠራተኛ። ሳንባቸው የሃያ ዓመት ልጅ ሳንባ ነው! ከመሬት በታች በቱቦ የሚመጣ ንጹሕ አየር ሲስቡ ነዋ የኖሩት፤ እናንተ ከላይ ስትታፈኑ እሳቸው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ደህና ነበሩ። ሰባ አንድ ሳል የቆጠረባቸው ሰው አለ፤ እንዴት ያለ ሥራ ፈት ይሆን?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እሱ እንደወጣ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጋሼ ናሆም በሩን ከፈቱልኝ። ግራ እጃቸው አንጓ ላይ ብረት የመሰለ ግራጫ አምባር ታስሯል። ጠረጴዛው ላይ የዳማው ሰሌዳ ተዘርግቷል፤ ጠጠሮቹ በሁለቱም በኩል ተደርድረዋል።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ደህና ዋሉ እንኳ አላልኩም።

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ?» አሉ። «ሶልያና፣ ያንቺ ነገር ጥቁር ነው፣ የኔን ልደባልቅበት ልበልሽ? የሰው ሚስት እንዲህ ይባላል? ያብስራ ያውቅ ነበር። ዘበኛውን ስጠግን አይቼ ነግሬዋለሁ። ሊሞት ሰሞን ‹እኔ ስሄድ መብራቷ ይከዳታል፤ እሷ ደግሞ ሰው ቤት ሽንኩርት እንኳ አትበደርም፤ ብትነግራት አታስገባህም› አለኝ። እውነቱን ነው። ታስገቢኝ ነበር?»

አላስገባቸውም ነበር።

«ሳሉስ?» አልኩ። «ሳንባዎ ንጹሕ ከሆነ ያ ሁሉ ሳል ምንድን ነው?»

የምር ገረማቸው። «የቱ ሳል?»

«እህህም የሚሉት!»

«እሱማ እየመጣሁ ነው ማለት ነው እንጂ!» አሉ። «እኔ ያደግኩት አያቴ ጋ፣ የቀበሌ ግቢ ነው። ለአሥራ አምስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ በሩ መቀርቀሪያ የለው። የሚሄድ ሰው ከሩቅ እህህም ይላል፤ ውስጥ ያለው እህህም ብሎ ይመልሳል። ሰው አለ ማለት ነው። ሴት ብቻዋን ያለችበት ቤት ሳልስል ዘው ልበል?»

አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር። አባቴ ግቢ ሲገባ ከአጥሩ ውጭ ይስል ነበር፤ እናቴም ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። እንዴት ረሳሁት? ደረጃ፣ በር፣ ሽንት ቤት እያልኩ ሰባ አንዱንም በእጄ ጽፌ አንዱ እንኳ አልታየኝም። ዳማ ሲጫወቱ አንድም ቀን ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ከዚያ በላይ የሚወጣኝ ነገር አልነበረም። ቆሜ አለቀስኩ።

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ የታሰረ እጃቸውን አነሡ። «ሳንባዬን ነጻ አሉ፤ የሰው ሽንት ቤት ስለተጠቀምኩ ግን ለአንድ ዓመት ከራሴ በቀር የማንም እንዳልገባ ይኼን አሰሩብኝ፤ በጥቆማ ስለተያዝኩም የቤቴን ዘበኛ ትንሽም ጥቀርሻ እንዳያሳልፍ አጠበቁት። ስለዚህ እኔ መውረድ አልችልም። አንቺ ግን መውጣት ትችያለሽ።»

ወዲያው አልገባኝም። ሲገባኝ ፊቴ ጋለ።

«የእርስዎ መብራት ቢጫ ይሆናል።»

«ዳማ የሚጫወተኝ ሰው ከሞተ ወዲህ እንግዳ አይመጣብኝም። ቢጫ ሆነ አረንጓዴ ለማን ብዬ ነው?»

«እድር አይቀመጡም። ሰው ይሸሽዎታል።»

«አሁንስ መቼ ቀረበኝ?»

«ልጁን አያዩትም፣ ጋሼ ናሆም። ሕፃን ያለበት ቤት አይገቡም።»

ይኼኛው ትንሽ ያዛቸው። ከሰሌዳው ላይ አንድ ጠጠር አንሥተው በጣታቸው አሹት። «ወለሉ ቀጭን ነው» አሉ። «ሲያለቅስ እሰማዋለሁ።»

ሽንት ቤታቸው ንጹሕ ነበር፤ እንደሚሠራ መናገር አያስፈልገኝም። ከመግባቴ በፊት «ስትመጪ ግን እህህም በይ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «በሩ ላይ።» በሩ ላይ ቆምኩና እህህም ለማለት ሞከርኩ። አንዱ ሌላውን ይዞት መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት የዋጥኩት ሁሉ የወጣ መሰለኝ፤ ግድግዳውን ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳልኩ፣ ሳልኩ። ጋሼ ናሆም ከማዶ ክፍል ሆነው ምንም አልጠየቁኝም። ሲበቃኝ ብቻ አንድ ጊዜ እህህም አሉ፤ ሰው አለ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጠዋት ዋናው ጉዳይ አራተኛ ፎቅ ሆነ፤ ቀላሉ እቤቴ። ጥቀርሻ በሽንት አይወጣምና የእኔ ዘበኛ ምንም አላየም። ሐሙስ መጣ፤ መብራቴ አረንጓዴ ሆነች። የሳቸው ቢጫ ሆነች። ሁለተኛው ሐሙስ፣ ሦስተኛው ሐሙስ፣ እስከ መውለጃዋ ድረስ እንደዚሁ። ሦስት ጊዜ ቢጫ የሆነ ቤት በር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ኤልዳና ራሷ ወጥታ ለጠፈችው።

አጸደ ቅዳሜ ወንድ ልጅ ወለደች። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። አልጋዬ ላይ ተኝታ ልጇን አቅፋ መስተዋት በመካከላቸው እንደሌለ ለማረጋገጥ ይመስል ጉንጩን ደጋግማ ትነካው ነበር።

ኤልዳና ልትጠይቅ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ቆሎ አቀረብኩላት። ቆሎውን እየቆረጠመች ወደ ጣሪያው በአገጯ አመለከተችኝና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አየሽ የላይኛውን? እዚህ መምጣት ሲከለከል የራሱ ቆሻሻ በራሱ ቤት ታየ። ምን አልኩሽ? አንቺ ቀድመሽ ባትጠረጥሪ ይኼ ልጅ ዛሬ የት ነበር?»

አጸደ ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ እሳቸው ናቸው እንዴ የታመሙት? ድንኳን የተከሉት?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሕፃኑ ጡት ይዞ ዐይኑን ጨፍኗል። ብናገር አራተኛ ፎቅ መውጣቴ ይታገዳል፤ መብራቴም በሚቀጥለው ሐሙስ ቢጫ ትሆናለች። ከሳህኑ ቆሎ ዘገንኩና አፌን ሞላሁት።

በማግስቱ ሁሉም ገና ሳይነሣ ደረጃውን ወጣሁ። የጋሼ ናሆም በር ላይ ስደርስ እንደተማርኩት እህህም አልኩ፤ እንደተለመደው አንዱ ሌላውን ይዞ መጣ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የኤልዳና በር ሲከፈት ሰማሁ። ከታች ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው የሚስለው ማን እንደሆነ አይለይም። ከውስጥ ጋሼ ናሆም መልሰው ሳሉልኝና በሩን ከፈቱ። ዘጠኝ ጊዜ ሳልኩ። ኤልዳና ዘጠኙንም በሳቸው ስም እንደጻፈቻቸው አውቃለሁ፤ ደብተሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ።